ርጥበቱ እድፍ አይደለም

በኬንያና በኢትዮጵያ ወሰን ላይ በተቀመጠችው በሞያሌ፣ ዝናም በራቀ ጊዜ ውሃ በጀሪካን ይገዛል። የቤት እመቤት ለመጠጡ፣ ለወጡና ለልብሱ ስታብቃቃ የገላዋ ንጽሕና ማሳሰቡ አይቀርም። ይልቁንም ከብልቷ የሚወጣው ፈሳሽ እድፍ መስሏት፣ ያለቻትን ጥቂት ውሃ በሳሙና በጥብጣ ውስጧን የምታጥብ እኅት ትኖራለች። ይህ ግን ድካምም ጉዳትም ነው።

ጤነኛው ፈሳሽ ውሃ የመሰለ ወይም ነጣ ያለ ነው፤ በሁለት የወር አበባ መካከል እንደ እንቁላል ነጭ ይለጠጣል፤ ኋላም ይወፍራል። ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ዶደርላይን በ1892 እ.ኤ.አ. በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጽፎ ነበር። እነዚህ አሲድ እያመነጩ በሽታን ይከላከላሉ። ሳሙናና ሽቶ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ዘበኞቹን ያውካሉና በሽታ በር ያገኛል።

ስለዚህ አንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። አስቀድሞ እጅን መታጠብ፣ ቀጥሎ የውጩን ክፍል ብቻ በቀን አንድ ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅም ማድረቅ ነው። የውስጥ ልብስ ከጥጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ታጥቦም በፀሐይ ይሰጣ፤ በፀሐይ በኩል ሞያሌ አትታማም።

ፈሳሹ እንደ ዓሣ ቢሸት፣ እንደ አይብ ተፍረፍሮ ቢያሳክክ፣ አረንጓዴ ቢመስል ወይም ከእምብርት በታች ቢያም ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። እናቶችም ይህን አስቀድመው ቢያስተምሩ፣ ልጂቱ ተፈጥሮዋን እንደ ነውር ቆጥራ በስውር ከመሠቃየት ትድናለች።