«አሜባ ነው» ተብሎ ስንት ዓመት ይኖራል?

ልጁ የስማዳ ሰው ነው። ወገዳ እያለ ሆዱን ሲቆርጠው እናቱ ፌጦ ይበጠብጡለት ነበር። ለሥራ ባሕር ዳር ከገባ በኋላ ግን ሰገራው ደም ቀላቀለ። «አሜባ ነው» ተባለና ሜትሮኒዳዞል ዋጠ። ተመለሰበት፤ ደገመ፣ ሠለሰ። ሲከሳ ጓደኞቹ «ፍቅር ይዞህ ነው እንዴ?» እያሉ ቀለዱበት። ለፍቅረኛው እንኳ አልነገራትም። ኧረ ሰገራ ምኑ ይወራል?

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም የደም ምርመራ አዘዙለት፤ ኢ.ኤስ.አር እና ሲ.አር.ፒ የሚባሉትን። ሁለቱም ከፍ ብለው ተገኙ። «እፎይ፣ በሽታዬ ታወቀ» አለ። አልታወቀም!

ሲ.አር.ፒ ሰውነት ሲቆጣ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 መጀመሪያ የተገኘው በሳንባ ምች ሕመምተኞች ደም ውስጥ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ ቁጣው ሲበርድም ቶሎ ይወርዳል። ኢ.ኤስ.አር ግን ዘገምተኛ ነው። ደም በቀጭን ቱቦ ይቆምና ቀይ ሕዋሶቹ በ1 ሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ዘቀጡ ይለካል። ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ደም ማነስና እርግዝናም ግን ከፍ ያደርጉታል። ሁለቱም ጭሱን እንጂ የሚቃጠለውን ቤት አያሳዩም።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የአንጀት ቲቢ ክሮንስ ከሚባለው የአንጀት ሕመም ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ቁጥሩን ያንራሉ። ቲቢውን ክሮንስ ነው ብለው ስቴሮይድ ቢሰጡት ቲቢው ይባስ ይስፋፋል። ስለዚህ በኮሎኖስኮፒ ታይቶ፣ ከአንጀቱ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ መመርመር አለበት። ለልጃችንም እንዲሁ ተደረገና አልሰረቲቭ ኮላይተስ ተገኘበት፤ የትልቁ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ የሚቆስልበት ሕመም ነው።

ታዲያ የደሙ ቁጥር ምን ሊረባ? ለክትትል ነዋ! መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ስንት ነበር፣ ከሳምንታት በኋላስ? የዛሬው ብቻውን ብዙ አይናገርም። ደግሞም በዚህ ሕመም ደም እየፈሰሰ ሲ.አር.ፒ ደህና የሚሆንበት ጊዜ አለ። «ወረቀቱ ደህና ነው» ቢሉዎት ደሙን ሳይናገሩ እንዳይወጡ። ካልፕሮቴክቲን የተባለው የሰገራ ምርመራ ለአንጀት ይበልጥ ይቀርባል፤ ችግሩ በየቦታው አይገኝም።

ከነፋስ መውጫም ሆነ ከእስቴ የተነሳ ሕመምተኛ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር እያለ በየደረሰበት አዲስ ካርድ ያወጣል። የቀድሞው ውጤት ቤት ከቀረ ሐኪሙ በምን ያወዳድር? ልጁ አሁን ወረቀቱን ሁሉ በቀን በቀኑ ደርድሮ በፌስታል ይዞ ይዞራል። ፌስታሉን መጀመሪያ ያገኘችው ፍቅረኛው ናት፤ የሌላ ሴት ደብዳቤ መስሏት ነበር።