የአልኮል ትነትን የሚለዩ ቀዳዳማ ናኖ ቁሶች በዱከም ከፍታ

ከአዳማ ተነሥቶ በዱከም በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ አሽከርካሪ ጠጥቶ እንደሆነ በትንፋሹ ማወቅ ይቻላል። በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 0.8 ግራም ኤታኖል ቢኖር፣ በአንድ ሊትር ትንፋሹ ውስጥ የሚገኘው 0.38 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ትነት ለመለየት ከሚያገለግሉ ቁሶች መካከል ቲን ኦክሳይድና ዚንክ ኦክሳይድ ይገኙበታል።

ዳሳሹ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የአየሩ ኦክስጅን በቁሱ ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ሲለጠፍም ከቁሱ ኤሌክትሮን ይወስዳል። ከገጹ ሥር ኤሌክትሮን የጎደለው ስስ ሽፋን ስለሚፈጠር ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ኤታኖል ሲደርስ ከዚሁ ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ቁሱ ይመለሳሉ፤ ሬዚስታንሱም ይወርዳል። የሚነበበው ይህ ለውጥ ነው።

በቲን ኦክሳይድ የዚህ ሽፋን ውፍረት 3 ናኖ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የቅንጣቱ ስፋት ወደ 6 ናኖ ሜትር ሲወርድ መላ አካሉ ለገጹ ለውጥ ተገዢ ይሆናል። ሆኖም ቅንጣቶቹ ጥቅጥቅ ብለው ከታጨቁ ትነቱ በላይኛው ንብርብር ላይ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ወደ ውስጥ የሚያደርሱት ቀዳዳዎቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚቀርበው የገጽ ስፋት፣ መግቢያ ከሌለው፣ በእኔ ግምት ብዙም አይጠቅምም።

ቀዳዳ ግን ኤታኖልን ከሜታኖል ወይም ከአሴቶን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዙሪክ ያሉ ተመራማሪዎች ፓላዲየም ከታከለበት ቲን ኦክሳይድ ፊት ትነቶችን በተለያየ ፍጥነት የሚያሳልፍ ቱቦ በማኖር ሜታኖልን ለይተዋል።

ብዙ የማይነሣው ጉዳይ ከፍታ ነው። ዱከም ከባሕር ጠለል ከ1900 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል የአየር ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በገጹ ላይ የሚለጠፈው ኦክስጅንም እንዲሁ ይቀንሳል። ከዚህ የባሰው የማስተካከያ ጋዙ ነው። በሲሊንደሩ ላይ «ከሚሊዮን 200 እጅ» የሚለው ጽሑፍ ከ0.38 ሚሊ ግራም ጋር የሚመጣጠነው በባሕር ጠለል ነው፤ በዱከም ግን ያው ጋዝ በሊትር 0.30 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይይዛል። ይህ ሳይታረም የተስተካከለ መሣሪያ፣ በሊትር ደሙ 0.64 ግራም ያለውን አሽከርካሪ 0.8 አድርጎ ያነበዋል። ስለሆነም በከፍታ ቦታ የሚሠራ ተመራማሪ ከሙቀትና ከእርጥበት ጎን የዕለቱን የአየር ግፊት መመዝገብ፣ ክምችቱንም በሊትር ሚሊ ግራም መግለጽ ይኖርበታል።