«ጋዙ አልቋል»፦ ስለ ስፕሊት ኤሲ ገጠማ ተረትና እውነታ

በድሬዳዋ፣ በሰመራ ወይም በጋምቤላ የሚኖር ሰው ኤሲን ከቅንጦት አይቆጥረውም። በግንቦትና በሰኔ የሰመራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሕፃን ማስተኛትም ሆነ መድኃኒት ማስቀመጥ ያለ እሱ ከባድ ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ይህ ዕቃ በሁለተኛው ዓመት «ደከመ» ሲባል ግን ወቀሳው በፋብሪካው፣ በመብራቱ መቆራረጥ ወይም «አለቀ» በሚባለው ጋዝ ላይ ያርፋል። የገጠመው ሰው እጅ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

መጠየቅ ያለበት ግን እሱ ነው። ፍሪጅ ከፋብሪካ ሲወጣ ያለቀለት ዕቃ ነው፤ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ይሠራል። ስፕሊት ኤሲ እንደዚያ አይደለም። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የውስጥ ክፍልና ኮምፕረሰሩን የያዘውን የውጪ ክፍል የሚያገናኘው የመዳብ ቱቦ የሚቆረጠው፣ አፉ የሚሰፋው፣ የሚታሰረውና አየሩ የሚወጣለት በደንበኛው ቤት ነው። ፋብሪካው ያላለቀ ሥራ ልኮልናል፤ የሚጨርሰው ባለሙያው ነው። ስለዚህ ስለ ገጠማ የምናምናቸው ነገሮች ስህተት ከሆኑ ምንም ዓይነት ጥሩ ብራንድ አያድነንም።

በጣም የተለመደውን እናስቀድም፦ «ኤሲ በየዓመቱ ጋዝ መሞላት አለበት» ይባላል። ጋዙ ነዳጅ አይደለም፤ ማሽኑ ሲሠራ አይቃጠልም፣ አያልቅም። ቤት ውስጥ ሙቀት ይቀበላል፣ ውጪ ሄዶ ይለቃል፣ ተመልሶ ይመጣል። ቱቦው በትክክል ከታሰረ ማሽኑ አርጅቶ እስኪወገድ ያው የመጀመሪያው ጋዝ ሊያገለግል ይችላል። ጎድሎ ከተገኘ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ከክፍሎቹ ጋር የሚታሰርበት፣ ባለሙያዎች ፍሌር የሚሉት መጋጠሚያ ላይ ነው። የመዳቡ አፍ ሲሰፋ ከተሰነጠቀ፣ የተቆረጠበት ፍርፋሪ ካልጸዳ፣ ዳዶው ከላላ ወይም ከልክ በላይ ከጠበቀ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። የሳሙና አረፋ ቀብቶ መፈለግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ብቻ ጨምሮ የሚሄድ ሰው ሥራውን አልሠራም፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ነው ያስያዘው።

ሲሞላም የሚሞላው በግምት መሆን የለበትም። የውጪው ክፍል ጎን ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ የጋዙ ዓይነትና ክብደት ተጽፏል፤ ትክክለኛው መሣሪያ ሚዛን ነው። አር-22 በለመደ ማሽን አር-410ኤ፣ ወይም በተቃራኒው «ገበያ ላይ የተገኘውን» መሙላትም አይቻልም፤ ግፊታቸውም የሚፈልጉት ዘይትም የተለያየ ነው። ወደ አየር የሚለቀቀው ጋዝ ጉዳትም ቀላል አይደለም። አንድ ኪሎ አር-410ኤ በመቶ ዓመት ስሌት ከ2,000 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት አማቂ ነው። አዲሶቹ ማሽኖች የሚጠቀሙበት አር-32 ወደ 675 ዝቅ ብሏል፤ ግን በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አር-22 ደግሞ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ዓለም እየተወው ያለ ጋዝ ነው።

ከሁሉም የከፋው እምነት የሚከተለው ነው፤ የሚያሳዝነው ከደንበኛው ይልቅ ባለሙያው ሲናገረው መሰማቱ ነው፦ «ቫኪዩም ፓምፕ አያስፈልግም፤ ከራሱ ጋዝ ትንሽ ለቅቆ አየሩን መግፋት ይበቃል።» አይበቃም። ቱቦው ሲገጠም ውስጡ ተራ አየር አለ፤ አየሩም እርጥበት ይዟል። አየር በማሽኑ ውስጥ እንደ ጋዙ ወደ ፈሳሽ ስለማይለወጥ ቦታ ይዞ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ኮምፕረሰሩ ይግላል፣ የመብራት ሂሳቡ ይጨምራል። እርጥበቱ የባሰ ነው። ከአር-410ኤና ከአር-32 ጋር የሚሄደው ዘይት ውሃ የሚስብ ዓይነት ስለሆነ ከእርጥበት ጋር ሲቆይ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም የሞተሩን ሽቦ ሽፋን ይበላል። ይህ ሁሉ በገጠማው ቀን አይታይም። ኤሲው ይነሣል፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ደንበኛው ባለሙያውን መርቆ ይሸኛል። ኮምፕረሰሩ የሚሞተው ዋስትናው ካለፈ በኋላ ነው።

ፓምፑ አየሩን ከመምጠጥ ሌላ የሚሠራው ሥራ አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሽንብራና ባቄላ ለመብሰል የሚቆዩትም ለዚህ ነው። የአየር ግፊት ሲቀንስ ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላልና። ፓምፑ ይህንኑ ነገር እስከ ጫፍ ይወስደዋል፦ በቱቦው ውስጥ ግፊቱ ወደ ባዶ ሲጠጋ እርጥበቱ በተራ የክፍል ሙቀት ፈልቶ፣ ተንኖ ይወጣል። ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል። ለአንድ ተራ ክፍል ኤሲ ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይመደብለት፤ ከዚያ ፓምፑ ተዘግቶ ግፊቱ ተመልሶ እንዳይነሣ ይታያል። ከተነሣ ወይ ቀዳዳ አለ ወይ እርጥበቱ አልወጣም።

እዚህ ላይ ለደጋው አገር ባለሙያ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። «መርፌው 30 ካልደረሰ ፓምፑ ደክሟል» የሚለው አባባል ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። የተለመደው ጌጅ የሚለካው ከአካባቢው የአየር ግፊት ተነሥቶ ነው፤ በዜሮ ከተስተካከለ በኋላ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋ 26 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 22 ተኩል አካባቢ ሲደርስ መሄጃው አልቋል። መርፌው እዚያ መቆሙ የፓምፕ ድካም አይደለም፤ ቱቦው ባዶ መሆኑንም አያረጋግጥም። እርግጠኛውን ነገር የሚነግረው በማይክሮን የሚለካው ዲጂታል ጌጅ ነው፤ ከ500 በታች ወርዶ እዚያው ከቆየ ሥራው ተሠርቷል።

የቱቦውን ጥንካሬ ለመፈተሽ «ኦክስጅንም ይሆናል» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሥራውን ያስቁሙት። የኦክስጅን ሲሊንደር በየብየዳ ቤቱ ስለሚገኝ ያጓጓል፤ ነገር ግን ኦክስጅን በግፊት ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ለዚህ ሥራ የተፈቀደው ደረቅ ናይትሮጅን ነው።

ስለ መጠንም ብዙ ይባላል። «ትልቁን ግዛ፣ አትቆጭም» የሚለው ምክር ከፍቅር ይመጣል፤ ግን ይጎዳል። ከክፍሉ በላይ የሆነ ማሽን በፍጥነት አቀዝቅዞ ይቆማል፣ ወዲያው እንደገና ይነሣል። በዚህ አጭር ጊዜ ከአየሩ እርጥበት አያወጣም፤ በጋምቤላ የዝናብ ወቅት ይህ ማለት የሚቀዘቅዝ ግን የሚያጣብቅ ክፍል ነው። ኢንቨርተር ያለው ማሽን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ችግሩን ያቀልለታል፤ ጨርሶ አያጠፋውም። 12,000 ቢቲዩ ሲባል ከክፍሉ የሚወጣው ሙቀት 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ነው፤ የሚበላው መብራት ግን ወደ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ምርጫው በወለል ስፋት ብቻ አይወሰንም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለች አራት በአራት ክፍልና በፎቅ መካከል ያለች እኩያዋ በፍጹም አንድ አይደሉም። ወደ ምዕራብ የዞረ ሰፊ መስታወትም እንዲሁ መልሱን ይለውጣል። በደጋ ከተሞች ደግሞ አየሩ ራሱ ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚቀል የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ለሰርቨር ክፍል ኤሲ የሚመርጥ መሐንዲስ የአምራቹን የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዥ ሳያይ መወሰን የለበትም።

«ማንኛውም ሶኬት ይበቃዋል» ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፦ አይበቃውም። 12,000 ቢቲዩው ከ5 እስከ 6 አምፔር ይስባል፤ ይህ ከውሃ ማፍያ ያነሰ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ማፍያው ግን በደቂቃዎች ይጠፋል፤ ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። በዲቫይደር ላይ ያለ የላላ መያዣ በዚያ ሰዓት ሁሉ እየጋለ ይቀልጣል። ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ለትንሹ ማሽን 2.5፣ ለ24,000ው 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ከዚህም ጋር መሬት ድረስ የደረሰ የግራውንድ መስመር ያስፈልገዋል። ስታብላይዘር መግዛት ጥሩ ነው፤ ብሬከርንና ግራውንድን ግን አይተካም።

የውጪውን ክፍል ከሌባና ከፀሐይ ለማዳን በብረት ሳጥን መዝጋት ወይም በተከለለ በረንዳ ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ሆኗል። ጥላ ይጠቅመዋል፣ መታፈን ይገድለዋል፤ የተፋውን ሙቅ አየር መልሶ ከሳበ ሙቀቱን የሚጥልበት የለውም። ሰፋፊ ክፍተት ያለው ፍርግርግ ይሻላል። ስለ ግድግዳውም ይታሰብ፦ ይህ ክፍል 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ይንቀጠቀጣልም። ኮንዶሚኒየሞቻችን ደግሞ ግድግዳቸው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። በፕላስቲክ ፊሸር ብቻ የታሰረ ብረት መውደቁ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ከሥሩ ሰው ያልፋል። ኮለን ወይም ቢም ላይ ይታሰር፤ ካልተቻለ ግድግዳውን ዘልቆ በሌላው በኩል በላሜራ የሚያዝ ቡሎን ይግባ።

«ወፍራሙን ቱቦ ብቻ ፎም ማልበስ ይበቃል» የሚለውም ስህተት ነው። በአብዛኞቹ ስፕሊቶች ግፊቱን የሚጥለው መሣሪያ ያለው በውጪው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ሲያቀዘቅዝ ቀጭኑም ቱቦ ቀዝቃዛ ነው፤ ሁለቱም ለየብቻ ይልበሱ። ካልሆነ ላባቸው ግድግዳውን ያበሰብሳል። ከማስወገጃው ጎማ የሚንጠባጠበው ውሃ ግን «ጋዝ እያፈሰሰ» አይደለም፤ ከክፍሉ አየር የወጣ እርጥበት ነው። አይጠጣም፣ አትክልት ግን ይጠጣዋል። ጎማው ሳይጎብጥ እስከ መጨረሻው ቁልቁል መውረዱን በውሃ ልክ ይፈትሹ፤ የጎረቤት በረንዳ ላይ እንዳያበቃም።

እስካሁን ያነሣሁት በአብዛኛው ገንዘብን ነው፤ ቀጣዩ ግን በቀጥታ ነፍስን ይመለከታል። «ኤሲ ከውጪ ንጹሕ አየር ያመጣል» ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ስፕሊት ኤሲ ከውጪ አየር አያስገባም። በግድግዳው ቀዳዳ የሚያልፉት የጋዝ ቱቦዎች፣ ሽቦና የውሃ ማስወገጃው ብቻ ናቸው፤ የሚነፍሰው ያው የክፍሉ አየር ነው፣ እየዞረ። ኤሲ የገባበት ቤት ደግሞ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ በሩም መስኮቱም ይዘጋል። በዚያ ክፍል ቡና ለማፍላት ከሰል ሲቀጣጠል፣ ዕጣን ሲጤስ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ መውጫ የለውም፤ ቀለምም ሽታም ስለሌለው አያስጠነቅቅም። የኤሲው ማጣሪያ አይዘውም፣ ቅዝቃዜውም አያጠፋውም። እባክዎ ከሰል ባለበት ክፍል ኤሲውን አጥፍተው መስኮቱን ይክፈቱ፤ ከሰሉ ጨርሶ ጠፍቶ ከክፍሉ ካልወጣም ማንም እዚያ አይተኛ።