ድምፅ በየጆንያው ሲመዘን
ስለ ምርጫና ስለ ፓርላማ ወንበር፤ ተረትና እውነታ

መርካቶ ውስጥ ጎጃም በረንዳ የምርጫ ወሬ ከተነሳ ክርክሩ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይረግጣል። አንዱ እዚሁ አዲስ ከተማ ነው። ሌላው ከዓባይ ማዶ፣ እናት አባት የቀሩበት አገር ቤት። አንድ ፓርቲ እዚህም እዚያም ደጋፊ ካለው «ሁለቱ ሲደመር ብዙ ወንበር ያገኛል» የሚል አይጠፋም።

አይደመርም። ጎጃም በረንዳ ያለ ነጋዴ ለአንድ ፓርቲ እጩ የሰጠው ድምፅና ደብረ ማርቆስ ያለ ወንድሙ ለዚያው ፓርቲ እጩ የሰጠው ድምፅ በኢትዮጵያ ምርጫ መቼም አይገናኙም። ስለ ፓርላማ ወንበር ከሚነገሩት የተሳሳቱ ነገሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚህች ነጥብ ነው።

ጤፍ የሚሸጥ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል። እያንዳንዱን ጆንያ ለብቻው ሚዛን ላይ ማውጣት ይቻላል። ሁሉንም አንድ ላይ ደፍቶ ከክምሩ መስፈርም ይቻላል። የእኛ ምርጫ የመጀመሪያው ነው፤ የፓርቲ ዝርዝር ምርጫ የሚባለው ደግሞ ሁለተኛው።

ተረት፦ «እኔ የምመርጠው ፓርቲውን ነው።»

እውነታ፦ ኢሕአዴግን በንብ፣ ብልጽግናን በአምፖል ምልክቱ የለየ መራጭ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሕጉ ግን ወንበሩን የሚሰጠው ለሰው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል በአንድ የምርጫ ክልል ከሚወዳደሩት እጩዎች አብላጫ ድምፅ ያገኘው እንዲሆን ይደነግጋል። የመቀመጫው ቁጥር ከ550 መብለጥ የለበትም፤ ቢያንስ 20ው ደግሞ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው። አገሪቱ በ547 የምርጫ ክልሎች ተከፍላለች፤ 23ቱ አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ አገር አቀፍ ምርጫ ሲባል በአንድ ቀን የሚካሄዱ፣ እርስ በርስ ድምፅ የማይዋዋሱ 547 ምርጫዎች ማለት ነው።

በዝርዝር ምርጫ ግን ፓርቲው የእጩዎቹን ስም በተርታ አስመዝግቦ ይቀርባል። ድምፁ በፓርቲ ይደመራል፣ ወንበር በድርሻ ይወጣል፣ ሰዎቹም እንደ ተራቸው ይገባሉ። ኔዘርላንድስ 150 መቀመጫዎቿን የምታከፋፍለው አገሪቱን በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ቆጥራ ነው። የእስራኤል 120 መቀመጫዎችም እንዲሁ።

ተረት፦ «አብላጫ ድምፅ ማለት ከግማሽ በላይ ነው።»

እውነታ፦ አይደለም፤ ከሌሎቹ አንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃል። አራት እጩዎች 4,000፣ 3,500፣ 1,500 እና 1,000 ድምፅ ቢያገኙ ባለ 4,000ው ያሸንፋል። ከ10,000 መራጮች 6,000ው ሌላ ሰው ፈልገው ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ እንዲህ ያለ ውጤት ሁለተኛ ዙር ያስከትላል፤ እኛ ዘንድ ግን ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

ተረት፦ «የድምፅ ድርሻና የወንበር ድርሻ ያው ነው።»

እውነታ፦ የአዲስ አበባ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ወሰደ። ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። ኢሕአዴግን የመረጡ ነዋሪዎችም ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ከከተማዋ አንድም የፓርላማ ወንበር አላስገኘም። በ2002 ዓ.ም. ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን አጋደለ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ሲይዙ ለተቃዋሚው መድረክ የተረፈው ከአዲስ አበባ የተመረጡት የአቶ ግርማ ሰይፉ አንድ ወንበር ነበር፤ ሌላ አንድ የግል ተወዳዳሪም ገባ። በ2007 ዓ.ም. ያቺም አንድ ወንበር ጠፋች።

ምርጫዎቹ ምን ያህል ነፃና ፍትሐዊ ነበሩ የሚለው ራሱን የቻለ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ስሌት አይመልሰውም። ሆኖም ቆጠራው ንጹሕ በሆነበት አገርም ክፍተቱ ይከሰታል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2024 የሌበር ፓርቲ 34 በመቶ በማይሞላ ድምፅ ከ650 መቀመጫዎች 411ዱን አግኝቷል። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኤ.ኤን.ሲ. 40 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ የደረሰው ከ400 ወንበር 159 ነው። እዚያ ድምፁ ስለሚደመር ወንበሩ ከድምፁ ብዙም አልራቀም።

ተረት፦ «በዝርዝር ምርጫ ሁሉም ድርሻውን በትክክል ያገኛል።»

እውነታ፦ ሰው በግማሽና በሩብ ስለማይከፈል አንድ ቦታ ላይ ማጠጋጋት ግድ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 10 ወንበር አለ፤ 100,000 ሰው መርጧል። ፓርቲ «ሀ» 52,000፣ «ለ» 24,000፣ «ሐ» 15,000፣ «መ» 9,000 ድምፅ አገኙ።

አንደኛው መንገድ የአንድን ወንበር ዋጋ ያወጣል፤ 100,000 ለ10 ሲካፈል 10,000 ድምፅ። በዚህ ዋጋ «ሀ» 5፣ «ለ» 2፣ «ሐ» 1 ወንበር ይገዛሉ። የቀሩት ሁለት ወንበሮች ትልቅ ትራፊ ለያዙት ይሰጣሉ፤ «መ» 9,000፣ «ሐ» 5,000 ስለተረፋቸው አንዳንድ ይወስዳሉ። ውጤቱ 5፣ 2፣ 2፣ 1 ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ በቤልጅጉ የሕግ ሰው በቪክቶር ዶንት ስም ይጠራል። የእያንዳንዱ ፓርቲ ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እያለ ይካፈላል፤ ከተገኙት ቁጥሮች አሥሩ ትልልቆቹ ወንበር ያስገኛሉ። «ሀ» በስድስተኛው ማካፈል እንኳ ወደ 8,667 ይቀረዋል፤ «ሐ» ግን በሁለተኛው 7,500 ላይ ይወርዳል። ውጤቱ 6፣ 2፣ 1፣ 1። አንድም ድምፅ ሳይነካ አንድ ወንበር ከ«ሐ» ወደ «ሀ» ተሻገረ።

በዚህ ላይ ወደ ክፍፍሉ ለመግባት የሚጠየቅ ዝቅተኛ መቶኛ ይጨመራል። የእስራኤሉ 3.25 ነው። ቱርክ ለረጅም ጊዜ 10 በመቶ ትጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ከሁለት ፓርቲዎች በቀር ሁሉም ከዚያ በታች ቀሩና የኤርዶአን ፓርቲ በ34 በመቶ ድምፅ ከ550 መቀመጫዎች 363ቱን ወሰደ። ዝርዝር ነበር፤ መመጣጠኑ ግን አልነበረም።

ተረት፦ «በዝርዝር ምርጫ መራጩ ሰው አይመርጥም።»

እውነታ፦ እንደ ዝርዝሩ ዓይነት ነው። የእስራኤሉ ዝግ ነው፤ ተራውን የሚያወጣው ፓርቲው ብቻ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ግን መራጩ የአንድ እጩ ቁጥር ይጽፋል፤ ድምፁ መጀመሪያ ለፓርቲው ይቆጠራል፣ ከፓርቲው እጩዎች ማን ይግባ የሚለውንም ይወስናል። ያም ሆኖ ዝርዝሩ የሚያስቀረው ነገር አለ። «የኛ ሰፈር ተወካይ» ብሎ በስም ጠርቶ መጠየቅ አገሪቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ስትሆን ይከብዳል። ስለ ሥርዓት ለውጥ የሚከራከር ሰው ይህን ኪሳራም አብሮ ሊቆጥረው ይገባል።

ተረት፦ «መንግሥት ካሰበበት የምርጫ ሥርዓቱን በአንድ አዋጅ ይለውጠዋል።»

እውነታ፦ ሐሳቡ ቀርቦ ያውቃል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ፓርላማውን ሲከፍቱ የምርጫ ሥርዓቱ ተመጣጣኝ ውክልናን፣ ማለትም ወንበርን በድምፅ ድርሻ ማከፋፈልን፣ እንዲያካትት እንደሚደረግ ተናገሩ። ቀጥሎ በነበረው የፓርቲዎች ድርድር ላይም 80 በመቶው ወንበር በአብላጫ፣ 20 በመቶው በተመጣጣኝ ውክልና ይሁን የሚል ቀመር ተይዞ ነበር። ሥራ ላይ ግን አልዋለም። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 የጸናው በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው፤ የሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫም በዚያው ተካሄደ። ደንቡ የተጻፈው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስለሆነ ለመለወጥ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛዎቹ በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው።

መንገዱ ከባድ ቢሆንም የሄዱበት አሉ። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ1998 እንደኛው ዓይነት ምርጫ አድርጋ አንድ ፓርቲ በ60 በመቶ ገደማ ድምፅ ከ80 ወንበር 79ኙን ወሰደ። ተቃውሞው ዋና ከተማዋን ማሴሩን እስከ ማቃጠል ደረሰ፤ የጎረቤት አገር ጦርም ገባ። ሌሶቶዎች ከዚያ በኋላ 80ዎቹን የምርጫ ክልሎች እንዳሉ ትተው 40 የማካካሻ ወንበር ጨመሩ። ዛሬ ማሴሩ ውስጥ ለተሸነፈ እጩ የተሰጠ ድምፅ በፓርቲው ስም ተደምሮ ወደ 40ዎቹ ይሻገራል። አዲስ ከተማ ውስጥ ለተሸነፈ እጩ የተሰጠ ድምፅ ግን በማግሥቱ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ከሚለጠፈው የውጤት ወረቀት አልፎ የሚሄድበት የለውም።