በአራት እግሩ የሚጎትተውን አሮጌ መኪና ከመግዛት በፊት
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የመንግሥት ሠራተኛ በብዙ ዓመት ቁጠባ፣ በዕቁብና በብድር ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ቀን ከእጁ የሚያወጣው ወይ ቤት ሲገዛ ወይም መኪና ሲገዛ ነው። ቤት ገዥው ግድግዳውን በእጁ ይመታል፤ ጣራውን ቀና ብሎ ይመለከታል፤ ስለ ድንበሩም ጎረቤት ይጠይቃል። መኪና ገዥው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን አይቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ በአስፋልት ላይ አንድ ዙር ነድቶ «መልካም ነው» ይላል። ይህ ዓይነቱ ምርመራ ለማንኛውም መኪና የማይበቃ ሲሆን፣ በአራቱም እግሩ ለሚጎትተው፣ በተለምዶ ፎር ዊል ለሚባለው መኪና ግን ከቶ ምርመራ ሊባል አይገባውም። በአስፋልት ላይ የሚሠራው የዚህ መኪና ግማሹ ብቻ ነውና። ገዥው ተጨማሪ ዋጋ የከፈለበት ሌላው ግማሽ በዚያ ሰዓት ተኝቷል፤ የተኛውም ጤነኛ ይሁን በሽተኛ ሳይቀሰቅሱት አይታወቅም።

ትንንሾቹ ፎር ዊል መኪናዎች በከተማችን የተወደዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። በክረምት ጭቃ የሚሆነውን የሰፈር መንገድ፣ ድንጋይ የተነጠፈበትን ዳገት፣ ለበዓል ወደ ትውልድ አገር የሚያደርሰውን ጥርጊያ ይችላሉ፤ የሚጠጡትም ቤንዚን እንደ ትልልቆቹ የመስክ መኪናዎች አይበዛም። ነገር ግን በገበያ የሚገኙት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ አገር በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገባው መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይኖራል፤ ጉድለቱም አብሮት ይተላለፋል።

ለምሳሌ እንዲሆነን ብዙዎች የሚያውቁትን ሱዙኪ ቪታራን እንውሰድ። የሥሪቱን ዘመን የምንጠቅሰው በሊብሬ ላይ እንደሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይህ መኪና በ1988 በጃፓን አገር ኤስኩዶ በሚል ስም ለገበያ ወጣ። የመጀመሪያው ሞተር 1590 ሲ.ሲ. ነበረ። በባለ ሦስት በሩ ላይ ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ በባለ አምስት በሩ ላይ 2 ሜትር ከ48 ይሆናል። ትንሽነቱ አያታልልዎ፤ እንደ ትልልቆቹ የመስክ መኪናዎች በብረት ሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ ከዋናው ካምቢዮ ሌላ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል ትራንስፈር ያለው መኪና ነው።

አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ከዚሁ ዓይነት አንዱን ገዝቶ ስምንት ወር ያህል በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ያለ እንከን ነዳው። በነሐሴ ወር የታመሙ እናቱን ወደ ሆስፒታል ሊያመጣ ወደ ጎጃም ገጠር ሄደ። እናቱን አሳፍሮ ሲመለስ ከአንድ ጅረት ማዶ ጭቃ ያዘው። የትራንስፈሩን ዘንግ ሳበ፤ በፊቱ ያለው የአራት እግር መብራት በራ፤ ነዳጅ ሰጠ። የኋላ ጎማዎች ጭቃውን እየረጩ ሲሽከረከሩ የፊቶቹ ግን እንደቆሙ ቀሩ። እናቲቱ በቃሬዛ ተይዘው በመንደሩ ሰዎች ትከሻ እስከ አስፋልቱ ድረስ ወጡ፤ በሌላ መኪናም ወደ ሆስፒታል በደኅና ደረሱ። መኪናው በማግሥቱ በበሬ ተጎትቶ ወጣ። ጋራዥ ሲፈታ በሁለቱም የፊት እግሮች ሞዞ ውስጥ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቀው መቆለፊያ ተሰብሮ ተገኘ። ሻጩ ሲጠየቅ ያን ዘንግ ለስድስት ዓመት ነክቶት እንደማያውቅ ተናገረ፤ ባልደረባችንም አመነው፤ እኔም አምነዋለሁ። ሻጩ አልዋሸም፤ እርሱም አያውቅም ነበር።

እንግዲህ መብራቱ ለምን በራ? መብራቱን የሚያበራው ትራንስፈሩ ላይ ያለው መቀያየሪያ ነው። የሚናገረው የትራንስፈሩ ጥርስ መግባቱን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዘንግ፣ የፊት ዲፈረንሻልና የሞዞው መቆለፊያ ኃይሉን ለጎማው ማድረሳቸውን አያውቅም። ደላላው መብራቱን አሳይቶ «ይኸው ይሠራል» ቢልዎ፣ ያሳየዎ የመንገዱን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻውን አይደለም።

መጨረሻውን ለማየት የመኪናውን አሠራር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ የፊት እግሮች ከኋላ እግሮች ሰፋ ያለ ክብ ስለሚዞሩ በአንድ ጊዜ ውስጥ የሚሄዱት መንገድ ይረዝማል። እስከ 1998 በተሠራው ቪታራ ላይ ይህን ልዩነት የሚያመዛዝን መካከለኛ ዲፈረንሻል የለም። አራቱ እግር በገባ ጊዜ የፊትና የኋላ ዘንጎች እንደ አንድ ብረት ተጣምረው ይዞራሉ። በጭቃና በጠጠር ላይ ጎማው ጥቂት እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቃልለዋል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለማይችል ውጥረቱ ሁሉ ወደ ጥርሶቹና ወደ ዘንጎቹ ይመለሳል፤ ጎማ ይበላል፣ ዘንጉም አልወጣም ብሎ ይነክሳል። ስለዚህ አራት እግሩን በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መንዳት ክልክል ነው።

ሆኖም ይኸው ውጥረት ለገዥው ጥሩ ምስክር ይሆነዋል። መኪናውን አፈር ወይም ጠጠር ወዳለበት ሰፊ ቦታ ይውሰዱት። የፊት ሞዞው በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ ወርደው ይቆልፉት፤ ራሱን የሚቆልፍ ከሆነ ወደ አራት አስገብተው ጥቂት ሜትር ቀጥ ብለው ይንዱ። ከዚያ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው በዝግታ ይታጠፉ። መሪው ከበድ ብሎ፣ መኪናው ወደ ኋላ እንደሚያዝ ሆኖ እየተንገራገጨ ቢዞር ደስ ይበልዎ፤ የፊት እግሮች በእርግጥ ይጎትታሉ። እንደ ቀድሞው በቀላሉ ተንሸራቶ ቢታጠፍ ግን ከትራንስፈሩ እስከ ጎማው ባለው መንገድ አንድ ቦታ ተቋርጧል። ሻጩ «እንዴት እንደሚቀልል ይመልከቱ» እያለ የሚያመሰግነው ይህንኑ ጉድለት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎም መኪናውን ፈጽመው አቁመው ዝቅተኛውን የአራት እግር ማርሽ ያስገቡ። በአንደኛ ማርሽ በዳገት ላይ ይውጡ፤ ቁልቁለትም ሲወርዱ እግርዎን ከነዳጅ ያንሡ። ዘንጉ በራሱ ተስፈንጥሮ ከወጣ የትራንስፈሩ ጥርስ ወይም መያዣው ተበልቷል፤ ይህም ርካሽ ጥገና አይደለም።

ከዚያ በኋላ ልብስዎ ቢቆሽሽም ከመኪናው ሥር ይግቡ። መጀመሪያ የሚታየው ነገር ለፊት እግር ኃይል የሚወስደው ዘንግ በቦታው መኖሩ ነው። ድምፅ ያሰማ የነበረውን የፊት ክፍል ጸጥ ለማሰኘት ዘንጉን ፈትቶ የሚያወጣ ሰው አለ፤ በአስፋልት ላይ ማንም ልዩነቱን አያውቅም። ዘንጉን በእጅ ሲያወዛውዙት ክሮቼራው ቢላወስ ይመዝግቡት። በብዙዎቹ የመጀመሪያ ቪታራዎች ላይ የፊት ዲፈረንሻሉ ቤት ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ ከሻንሲው ጋር በተያያዘባቸው ጆሮዎች አጠገብ የመሰንጠቅ ልማድ አለው። የተሰነጠቀ ወይም በብየዳ የተጠገነ ቤት፣ ከእርሱም የሚንጠባጠብ ዘይት ቢያዩ ዋጋውን እንደገና ይነጋገሩ። ከኋላ አክሰሉ በላይ መካከሉን የሚይዘው ባለ ሦስት ማዕዘን ክንድ ጫፉ ላይ ኳስ አለው፤ ኳሱ ሲበላ መኪናው በጉድጓድ ላይ «ኳ» ይላል፣ ጀርባውም ወዲያና ወዲህ ይላል።

ሻንሲውን በመፍቻ እጀታ እየመቱ ያዳምጡ። ከአውሮፓ የመጡት መኪናዎች በክረምት ጨው በሚረጭባቸው መንገዶች ላይ የኖሩ ስለሆነ ዝገቱ ከውጭ በቀለም ተሸፍኖ ከውስጥ ሊበላቸው ይችላል። ላሜራውን በትንሽ ማግኔት ይፈትኑት፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። አራቱም ጎማዎች በቁጥርም በመበላትም እኩል መሆናቸውን ይመልከቱ፤ የፊቱና የኋላው ጎማ ትልቅነት ከተለያየ አራት እግሩ በገባ ጊዜ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ራሱን ያስጨንቃል።

ስለ ሞተሩ ደግሞ አስቀድሞ ለሻጩ ሊነገረው የሚገባ ነገር፣ ከመምጣትዎ በፊት እንዳያስነሣው ነው። ሲደርሱ እጅዎን በኮፈኑ ላይ ያኑሩ፤ ሞቆ ከቆየዎት በሌላ ቀን ይመለሱ። በቀዝቃዛ አነሣሥ ላይ ሰማያዊ ጢስ ቢወጣ ዘይት ይቃጠላል። ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሞተር ደግሞ ጥቂት አቧራ ካለበት ሞተር ይበልጥ ያስፈራኛል።

የእነዚህ ሞተሮች ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው፤ ቴስታታቸው ከአሉሚኒየም ስለሆነ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ከጋለ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በዚህች ከተማ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን እንግዲህ ከቆላ ይልቅ በእኛ ከተማ ፈጥኖ ይቀጣል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱ፤ ውሃው ዝገት መስሎ ቢታይ ወይም ዘይት ቢንሳፈፍበት ይጠርጥሩ። የዘይት መሙያውንም ክዳን ገልብጠው ይዩት፤ ወተት የመሰለ ነገር ተለጥፎበት ከሆነ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ይቻላል። ከዚያ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይንዱትና የሙቀቱን መርፌ ይከታተሉ። መርፌው ወደ ላይ መውጣቱ ብቻ አይደለም መጥፎ፤ ከታች ተጋድሞ ፈጽሞ የማይነሣ ከሆነም ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ይሆናል። ቴርሞስታትን መንቀል የመጋል ሕመምን ለጥቂት ጊዜ የሚሸፍን የታወቀ የጋራዥ ዘዴ ነው።

በ1.6 ሊትሩ ሞተር ላይ የታይሚንግ ቺንጋው በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ አለበት። መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተለወጠ ቆጥረው ዋጋውን ከሒሳብዎ ያግቡ። ቺንጋው ሲለወጥ የክራንኩ ፑሌ ብሎን በሚገባ ካልጠበቀ፣ ፑሌውን የሚይዘው ትንሽ ቁልፍ በክራንኩ ላይ ያለውን ቦታውን ይበላዋል፤ ሞተሩም ኃይሉን እያጣ ይሄዳል፤ ጥገናው እስከ ክራንክ መለወጥ ይደርሳል። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የታችኛውን ፑሌ ከፊት ለፊት ይመልከቱ፤ ሲዞር ቢዋልል አይግዙት። ከ1998 በኋላ የመጣው ባለ 2.0 ሊትር ግራንድ ቪታራ በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት አለው፤ ዘይቱ በጊዜው ካልተለወጠ ሰንሰለቱ ይላላና ጠዋት ሲነሣ ይንቋቋል።

እስካሁን የተናገርነው የማጠፍ ፈተና ለሁሉም ትንንሽ ፎር ዊል አይሠራም። በ1994 የወጣው ቶዮታ ራቭ ፎርና በ1997 የወጣው ዳይሃትሱ ቴሪዮስ በቋሚነት በአራት እግር የሚነዱና መካከለኛ ዲፈረንሻል ያላቸው ሥሪቶች አሏቸው። ከ2005 ጀምሮ በተሠራው ግራንድ ቪታራም ላይ በብዙዎቹ እንዲሁ ነው። በእነዚህ ላይ በደረቅ መንገድ ሲታጠፉ መያዝና መንገራገጭ የጤና ምልክት መሆኑ ይቀርና ሕመም ይሆናል። ስለዚህ ከመፈተንዎ በፊት የሚፈትኑት የትኛውን እንደሆነ ይወቁ።

መኪናው ፈተናውን ቢያልፍም ወረቀቱ ሊወድቅ ይችላል። በሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት መኪናው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ። ከሁሉ ይልቅ በውክልና ብቻ መግዛትን ይሽሹ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል፤ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ቢሞት ከወራሾቹ ጋር የሚሟገቱት እርስዎ ነዎት። ሦስት አራት ገዥ በውክልና ተቀባብሎት ስሙ ያልተዛወረ መኪና ዋጋው ቢረክስ አይገርምም።

ውሉ ተፈርሞ ስሙ ከተዛወረ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ዘይት መለወጥ ነው፤ በቪታራ ላይ ዘይት ያለበት ቦታ አንድ ሳይሆን አምስት ነው፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ትራንስፈሩ፣ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል። ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ባይኖርም፣ አፈር ባለበት መንገድ ላይ አራት እግሩን አስገብተው ጥቂት መቶ ሜትር ይንዱት፤ በፊት ዲፈረንሻል ውስጥ የተኛው ዘይት ጥርሶቹን ይዳርሳል፤ የሞዞው መቆለፊያም በዝገት ሳይያዝ ይቆያል።