አንዱ ያጨበጨበለት፣ ሌላው ጥሎት የወጣ ፊልም፦ «ፒየታ» ተመልካቹን ለምን ከፈለው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2012፣ ጣሊያን፣ ቬኒስ። ኪም ኪ-ዱክ የተባለ ኮሪያዊ ዳይሬክተር መድረክ ላይ ወጥቶ የፌስቲቫሉን ትልቁን ሽልማት «ወርቃማውን አንበሳ» ተቀበለ። ከዚያ ማይክራፎኑ ፊት ቆሞ «አሪራንግ» የሚባለውን የሀገሩን የድሮ ዘፈን አዜመ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ፊልሙ «ፒየታ» ይባላል። ካን፣ ቬኒስና በርሊን ከሚባሉት ሦስት ትልልቅ ፌስቲቫሎች በአንዱ ዋናውን ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው የኮሪያ ፊልም ነው። ሁላችሁም የምታውቁት «ፓራሳይት» ካን ላይ ያሸነፈው ከዚህ ከ7 ዓመት በኋላ ነው።

ግን ይሄንኑ ፊልም ጓደኛችሁ በቴሌግራም ቢልክላችሁ፣ ምናልባት ግማሻችሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ትዘጉታላችሁ። የቀራችሁት ደግሞ ሲያልቅ ለረጅም ሰዓት ዝም ብላችሁ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ያኔም የሆነው ይሄው ነው። አንዱ «ድንቅ ሥራ» አለው፣ ሌላው «ሰውን ማሰቃየት ጥበብ አይደለም» ብሎ ተቆጣ።

አንድ ፊልም ሰውን እንዲህ የሚከፍለው ለምንድነው? እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ማሳሰቢያ፦ ጽሑፉ ስለ ጥቃትና ራስን ስለማጥፋት ያነሳል። የፊልሙን መጨረሻ ግን አናበላሽባችሁም።)

ታሪኩ ባጭሩ

ቦታው ሴኡል ውስጥ ቼንግየቾን የሚባል ሰፈር ነው። ትንንሽ የብረታ ብረት ወርክሾፖች የተደረደሩበት፣ ቀኑን ሙሉ ማሽን የሚጮህበት ቦታ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ከሆናችሁ ምናለሽ ተራን አስቡ።

ዋናው ገጸ ባህሪ ጋንግ-ዶ ይባላል። ለአራጣ አበዳሪ ብር የሚሰበስብ ወጣት ነው። ተበዳሪዎቹ ብሩን ሲወስዱ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ላይ ይፈርማሉ። መክፈል ሲያቅታቸው ጋንግ-ዶ በራሳቸው ማሽን እጃቸውን ያስቆርጣል፣ ወይም ከፎቅ ይጥላቸዋል። ከዚያ ኢንሹራንሱ የሚከፍለውን ብር ይወስዳል። ዘመድ የለውም፣ የሚያዝንለትም ሰው የለም።

አንድ ቀን አንዲት ሴት በሩ ላይ ትመጣለች። «እናትህ ነኝ፣ ጥዬህ ስለሄድኩ ይቅር በለኝ» ትለዋለች። አያምናትም። እውነት እናቱ መሆኗን ለማረጋገጥ ብሎ የሚያደርስባት ነገር፣ የጾታ ጥቃትን ጨምሮ፣ ለማየት ይከብዳል። እሷ ግን አትሄድም። ቀስ በቀስ ይሄ አውሬ የሆነ ሰው እንደ ልጅ ይለሰልሳል። ሴትየዋ በእርግጥ ማን ናት? ለምንስ መጣች? የሚለውን ፊልሙን ለሚያዩት እንተወዋለን።

ስሙም በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። «ፒየታ» ማለት በጣሊያንኛ ርኅራኄ፣ ሐዘኔታ እንደማለት ነው። ድንግል ማርያም ከመስቀል የወረደውን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት፣ ማይክል አንጄሎ የቀረጸው ታዋቂ ሐውልት መጠሪያም ነው። የፊልሙ ፖስተርም ያንኑ አቀማመጥ ይከተላል። ለአማኝ ተመልካች ገና ፊልሙ ሳይጀመር ይሄ ራሱ አንድ ጥያቄ ነው።

ያጨበጨቡት ምን አዩ?

የፌስቲቫል ተመልካች ብዙ ጊዜ ፊልምን የሚያየው እንደ ምሳሌ ነው። «ይሄ ሰውዬ ምንን ይወክላል?» እያለ ነው የሚያየው። በዚህ ዓይን ሲታይ «ፒየታ» ስለ አንድ ጨካኝ ሰው ሳይሆን ስለ ገንዘብ ነው። የሰው እጅ ስንት ብር ያወጣል? እግርስ? ዳይሬክተሩም ፊልሙ ካፒታሊዝም በሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት እንዴት እንዳበላሸ የሚያሳይ መሆኑን ይናገር ነበር።

ብዙዎች የማይረሱት አንድ ትዕይንት አለ። ሚስቱ ልትወልድበት ያለች ወጣት ተበዳሪ፣ ለሚወለደው ልጁ ብር እንዲተርፍ ብሎ እጁን ራሱ ያቀርባል። ጋንግ-ዶ መጀመሪያ ጊዜ ግራ ሲገባው የምናየው እዚህ ጋ ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈራው ደም አይደለም። የሚያስፈራው የልጁ ስሌት ትክክል መሆኑ ነው፦ እጁ ከጉልበቱ የበለጠ ብር ያመጣል።

ፊልሙን የሚወዱት ሌላም መከራከሪያ አላቸው። ጥቃቱ በሚፈጸምበት ቅጽበት ካሜራው ብዙ ጊዜ ዞር ይላል። ድምፁን እንሰማለን፣ ፊቱን እናያለን፣ የቀረውን ራሳችን ነን የምንሞላው። «ከብዙ የሆሊውድ አክሽን ያነሰ ደም ነው ያለበት። የከበደን ስለምናምነው ነው» ይላሉ።

በዕዳ የታነቁ ሰዎችን ታሪክ ዓለም በሙሉ ከ9 ዓመት በኋላ በ«ስኩዊድ ጌም» አይቶታል። የኮሪያ ቤተሰቦች ዕዳ ከሀገሪቱ ዓመታዊ ምርት ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለኮሪያውያን ተረት አይደለም።

ጥለው የወጡትስ?

እነሱ ደግሞ ሴትየዋን አዩ።

በኪም ፊልሞች ላይ በኮሪያ ሴት ሃያሲዎች ለዓመታት ያነሱት አቤቱታ አንድ ነው፦ ወንዱ ሰው እንዲሆን ሁሌ ሴቷ መሰቃየት አለባት። በ2001 በሠራው «ባድ ጋይ» አንድ ደላላ ተማሪ ልጅ አታልሎ ወደ ሴተኛ አዳሪነት ያስገባና ታሪኩ እንደ ፍቅር ይቀጥላል። «ፒየታ» ላይም የወንዱ መለወጥ የሚጀምረው በሴቷ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ነው። እና ጥያቄያቸው «ይሄ ምሳሌ ነው ስትሉ ለማን ነው ምሳሌ የሆነው? ያ ነገር ለደረሰባት ሴት ምሳሌ አይደለም» የሚል ነው።

ይሄን «ጥበብ አይገባቸውም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ እነሱም ፊልሙን በደንብ ነው ያዩት። ያዩበት ወንበር ነው የተለየው።

ሀገር ቤትስ? ኮሪያውያን ለምን ቀዘቀዙበት?

ፊልሙ ኮሪያ ውስጥ ወደ 600 ሺህ ገደማ ተመልካች አገኘ። ለእንዲህ ዓይነት ፊልም ቀላል ቁጥር አይደለም፣ የቬኒሱ ሽልማትም ረድቶታል። ግን በዚያው ዓመት «ዘ ቲቭስ» የተባለው የዘረፋ ፊልም ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል።

ኪም ከሀገሩ ተመልካች ጋር የነበረው ጸብ የቆየ ነው። በ2006 የቦንግ ጁን-ሆ «ዘ ሆስት» ሪከርድ ሲሰብር፣ ኪም ፊልሙና የኮሪያ ተመልካች ደረጃቸው እንደተገጣጠመ የሚያስመስል ነገር በቴሌቪዥን ተናገረ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ እሱም በኋላ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚህ ጀርባ የመደብ ጉዳይም አለ። ኪም የፊልም ትምህርት ቤት አልገባም። ገና በልጅነቱ ትምህርት አቋርጦ ፋብሪካ ገባ፤ ከዚያ 5 ዓመት ባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር ነበር፤ በኋላም ፈረንሳይ ሄዶ ሥዕል ሥሏል። የቼንግየቾን ወርክሾፖችንም ያውቃቸዋል፣ ወጣት ሆኖ እዚያ ሠርቷል። ደጋፊዎቹ «የተማሩት ናቁት» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «የእኛን ጉስቁልና አሳምሮ ለአውሮፓ ይሸጣል» ይላሉ።

ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። ለቬኒስ ተመልካች ቼንግየቾን እንግዳ የሆነ ጨለማ ዓለም ነው። ለሴኡል ሰው ግን የአጎቱ ወርክሾፕ የነበረበት ሰፈር ሊሆን ይችላል። የራስህን ሰፈር በሌላ ሰው ስክሪን ላይ እንዲህ ሆኖ ስታየው ያማል።

«ትወና ነው» የሚባለው እስከ የት ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። ስለ ኪም ፊልሞች ሲነሳ ተመልካች ሁሌ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ ይሄ ሕመም እውነት ነው ወይስ የተተወነ?

በ2000 «ዚ አይል» የተባለው ፊልሙ ቬኒስ ላይ ሲታይ ከታዳሚው ራሱን የሳተ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። በፊልሙ ውስጥ በእንስሳት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ትወና አልነበረም። በዚህም ምክንያት የብሪታንያ የፊልም ደረጃ አውጪ አካል የተወሰኑ ትዕይንቶች እንዲቆረጡ አድርጓል።

በ2008 «ድሪም» የተባለውን ፊልም ሲቀርጽ፣ የመታነቅ ትዕይንት ላይ ተዋናይቷ ለሞት ተቃረበች። ኪም በጣም ደንግጦ ከፊልም ሥራ ርቆ ለብቻው መኖር ጀመረ። በ2011 ያወጣው «አሪራንግ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ላይ ስለዚህ እያለቀሰ ይናገራል። ያ ፊልም ካን ላይ ተሸለመ። በቀጣዩ ዓመት «ፒየታ» መጣ።

በ2013 «ሞቢየስ» ላይ ልትሠራ የነበረች ተዋናይት፣ በ2017 ዳይሬክተሩን ከሰሰችው። በጥፊ እንደመታትና በስክሪፕቱ ላይ ያልነበረ የወሲብ ትዕይንት እንድትሠራ እንዳስገደዳት ተናገረች። ኪም መምታቱን አልካደም፤ ትወና ለማሳየት ነው አለ። በድብደባው 5 ሚሊዮን ዎን ተቀጣ። የቀረው ክስ በማስረጃ እጥረት ተዘጋ። ከዚህ ቅጣት በኋላ፣ በ2018 መጀመሪያ፣ የበርሊን ፌስቲቫል አዲስ ፊልሙን ጋብዞ አሳየ።

በዚያው ዓመት ማርች ላይ የኮሪያው ኤምቢሲ ቴሌቪዥን በምርመራ ፕሮግራሙ የሌሎች ተዋናይቶችን ቃል ይዞ ቀረበ። አስገድዶ መድፈርን ጨምሮ የጾታ ጥቃት ፈጽሞብናል አሉ። ኪም አስተባበለ፣ ጣቢያውንም በስም ማጥፋት ከሰሰ። በ2020 ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገበት። በጾታ ጥቃት ግን እሱም አልተፈረደበትም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 11 ቀን ላትቪያ ውስጥ በኮቪድ ሞተ። 59 ዓመቱ ነበር።

ሲሞት ሀገሩ ዝም አለች ማለት ይቻላል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ «ታላቅ ዳይሬክተር አጣን» የሚሉ ጽሑፎች ወጡ። የ«ፓራሳይት»ን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተረጎመው ዳርሲ ፓኬት፣ ከ2018 በኋላ የኪምን ፊልሞች በክፍል ማስተማር ማቆሙን ተናገረ።

ልብ በሉ፣ «ፒየታ» ከ2012 ጀምሮ አንድም ፍሬም አልተቀየረም። ግን ያንን የሴትየዋን ትዕይንት ዛሬ የሚያይ ሰው፣ ያኔ ያልነበረ ጥያቄ ይዞ ነው የሚያየው፦ ካሜራው ሲጠፋ ምን ሆነ? ስለ «ፒየታ» ቀረጻ እንዲህ ዓይነት ክስ የቀረበ መሆኑን አላየንም። ጥያቄው ግን ከተመልካቹ ጭንቅላት አይወጣም።

ታዲያ ማን ነው ልክ?

«እንደ ጣዕም ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኛ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እየተደባለቁ ነው እንላለን።

የመጀመሪያው «ፊልሙ ጥሩ ነው ወይ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ መለያየት ጤናማ ነው። ስለ አራጣና ስለ እናትነት የሚናገረው ነገር ልባችሁን ከነካው፣ ጨካኝ ናችሁ ማለት አይደለም። 20 ደቂቃ አይታችሁ ከዘጋችሁትም ፋራ ናችሁ ማለት አይደለም። በተለይ ጥቃት የደረሰበት ሰው ፊልም ሲዘጋ ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለበትም። «ሳትጨርሽው እንዴት ትፈርጃለሽ?» የሚባለው ነገር እዚህ አይሠራም።

ሁለተኛው «ይሄ ሲሠራ የተጎዳ ሰው አለ ወይ?» የሚለው ነው። ይሄ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ሽልማትም፣ የተመልካች ብዛትም አይመልሰውም። ተዋናይቶቹ ሲናገሩ ብዙ ሰው የመለሰላቸው ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ነበር፦ «ግን እኮ ትልቅ ዳይሬክተር ነው።» እነሱ የጠየቁት ስለ ፊልሙ ጥራት አልነበረም።

ስለዚህ ቀጣይ ጊዜ ከባድ ፊልም ይዛችሁ ከጓደኛ ጋር ስትጨቃጨቁ፣ መጀመሪያ ስለየትኛው ጥያቄ እያወራችሁ እንደሆነ ተግባቡ። ግማሹ ክርክር እዚያው ያልቃል።

በነገራችን ላይ «ፒየታ» ኮሪያ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የተከለከለ ነው። ቤት ውስጥ ትንንሾች ካሉ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ለብቻችሁ እዩት።

እናንተስ? የሠራውን ሰው ታሪክ ካወቃችሁ በኋላ ማየት የተዋችሁት ፊልም ወይም መስማት የተዋችሁት ዘፈን አለ? ወይስ «ሥራው ሌላ፣ ሰውየው ሌላ» ነው የምትሉት? ሐሳባችሁን አጋሩን፤ ስድብ ግን አናስተናግድም።