የባልዲ አትክልት፦ አፈሩና ውሃው

በባልዲ፣ በተቆረጠ ጀሪካን ወይም በጆንያ የሚበቅል አትክልት ከማሳ አትክልት የሚለየው ቦታው ስለጠበበ ብቻ አይደለም። ማሳ ላይ የተረፈው ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ሲጎድልም ሥር ርቆ ሄዶ ይፈልጋል። ዕቃ ውስጥ ለሁለቱም መንገድ የለም። ስለዚህ ጀማሪ ከውሃው በፊት አፈሩን ማስተካከል አለበት። በተጠቀጠቀ አፈር ላይ ትክክለኛ የውሃ መጠን የሚባል ነገር የለም።

አፈሩ ውሃ መያዝ፣ አየርም ማስገባት አለበት፤ ሥር ይተነፍሳልና። ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ አብጦ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ብቻውን ባልዲ ውስጥ ሲገባ ሥር ያፍናል። ቀይ አፈር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ውሃ ሲደጋገምበት ይጠቀጠቃል። ለመነሻ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽና አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ይደባለቃል። ጥቂት ረጥቦ ሲጨበጥ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ጭቃው በዝቷል፤ ተጨብጦ ሲነካ ከፈረሰ ደህና ነው። በብስባሹ ፋንታ ፍግ ከገባ የቆየ መሆን አለበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ደግሞ የበሽታ ምንጭ ይሆናል። የቡና አተላም አፈር ላይ ተደፍቶ ሲደርቅ ውሃ የማያሳልፍ ቅርፊት ስለሚሠራ ከብስባሹ ጋር ቢብላላ ይመረጣል።

ከዕቃው ሥር ጠጠር ማንጠፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ጥቅሙ ግን የለም ማለት ይቻላል። ውሃ ከደቃቅ አፈር ሰፋፊ ክፍተት ወዳለው ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ በላዩ ያለው አፈር ጠግቦ እስኪሞላ ይጠብቃል። ስለዚህ ጠጠሩ የሚያደርገው ጭቃማውን ክፍል ወደ ሥሩ ማቅረብ ብቻ ነው። የሚጠቅመው ዕቃውን ከሥሩ አራት አምስት ቦታ መብሳትና ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ በድንጋይ ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ለሰላጣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይበቃል፤ ቲማቲም ግን 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ ባልዲ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ባልዲ ውሃ ሲጠጣ ከ30 ኪሎ ሊበልጥ ስለሚችል በረንዳ ላይ የሚደረድር ሰው ክብደቱን ቢያስብበት አይከፋም።

ውሃ በቀን ቀጠሮ አይጠጣም። ጣት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይገባል፤ እዚያ ድረስ ከደረቀ ይጠጣል፣ ከረጠበ ይቆያል። ሲጠጣም ከሥር ማንጠባጠብ እስኪጀምር ቀስ ተብሎ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት የላዩን ብቻ ስለሚያረጥብ ሥሩ ወደ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጠዋት ማጠጣት ይመረጣል፤ ውሃውም ከቅጠሉ ይልቅ ከግንዱ ሥር ይፈስሳል።

ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው ጠውልጎ የሚታይ ተክል ነው። በቀትር ፀሐይ ጠውልጎ ማታ የሚቃና ተክል ብዙ አያሳስብም። አፈሩ ረጥቦ ሳለ የጠወለገ ግን አየር አጥቶ ሥሩ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ ሲጨመርበት ይብስበታል። ፈጽሞ የደረቀ አፈር ደግሞ ከዕቃው ግድግዳ ስለሚላቀቅ ውሃው በጎን ሾልኮ ይወርድና የጠጣ ይመስላል። ያኔ ባልዲው ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ ይነከራል።

የቲማቲም ፍሬ ከታች በኩል ሲጠቁር ብዙ ሰው በሽታ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ አንዴ ደርቆ አንዴ መጥለቅለቁ ነው፤ ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውሃ ጋር ነውና። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ለማርገብ አፈሩን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር መጎዝጎዝና ውሃ አጠራቅሞ መያዝ ይረዳል።

ክረምት ላይ ችግሩ ይገለበጣል፦ ዝናቡ አፈሩን ከማጨቅየቱም በላይ ናይትሮጅኑን አጥቦ ይወስዳል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ሲሆኑ አንድ ሁለት እፍኝ ብስባሽ ከላይ ይጨመራል። ዩሪያ በጠባብ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ሲበዛ ያቃጥላል። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ጨው ተከማችቷል ማለት ነው፤ ብዙ ውሃ አሳልፎ ማጠብ ያስፈልገዋል።

ምርት ከተነሣ በኋላ አፈሩ አይጣልም። የቆየ ሥር ይለቀማል፣ አዲስ ብስባሽ ይደባለቅበታል፤ ቲማቲም በነበረበት ባልዲ ግን ቀጥሎ ቃሪያ ወይም ድንች አይተከልም፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ በአፈሩ የቀረ በሽታ ይጋራሉ። ቆስጣ ወይም ሽንኩርት ቢተካ ይሻላል።